ክርን ሲያም ሥራን መጠየቅ

ክርኑን አሞት የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው እጁ ምን ሲሠራ እንደሚውል ነው። በፊዚዮቴራፒ ሙያዬ መልሱ ብዙ ጊዜ የምርመራውን ግማሽ ይጨርስልኛል። ልብስ አጥባ የምትጨምቅ፣ ቡና የምትወቅጥ፣ ግድግዳ የሚለስን፣ ካቻቢቴ ሲያዞር የሚውል፣ ሁሉም የእጅ አንጓን ወደ ላይ የሚያነሡትን ጡንቻዎች ያለ እረፍት ያሠራሉ። እነዚህ ጡንቻዎች ከክርን ውጫዊ ጎን ካለችው የአጥንት ጉብታ ጋር የሚያያዙት በአንድ ጅማት ነው፤ የሚጎዳውም እሱ ነው።

ቀጥሎ ጉብታዋን በጣቴ እጫናለሁ። ታካሚው ጨብጦ አንጓውን ወደ ላይ ሲያነሣ እኔ በተቃራኒው እገፋለሁ። ሕመሙ እዚያችው ነጥብ ላይ ከተነሣ ጣጣው የጅማቱ መሆኑ ያመዝናል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት የሚደነዝዙ ከሆነ ግን ከክርን በስተኋላ የሚያልፈውን ነርቭ እጠረጥራለሁ። ሕመሙ ከአንገት ተነሥቶ ክንድን ይዞ የሚወርድ ከሆነ፣ አንገትን ሳይመረምሩ ክርንን ማከም ከንቱ ልፋት ነው። የክርን ጫፍ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ትኩሳት ካስከተለ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል። ከወደቀ በኋላ መዘርጋት ያቃተውን ክርን ደግሞ ራጅ ሳይነሣ ማሸት አደገኛ ነው።

ይህ የጅማት ሕመም ለብዙ ዘመን እንደ ብግነት ብቻ ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ኒርሽልና ፔትሮን የተባሉ ሐኪሞች በቀዶ ሕክምና የወጣ ጅማትን መርምረው ያሳዩት ግን በአግባቡ ሳይጠገን የቀረ፣ ክሮቹ የተዘበራረቁ ጅማት ነው። ብግነትን የሚቀንሰው የስቴሮይድ መርፌ የሚያታልለውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙን ያስታግሣል፤ ዓመት ሲሞላ ግን የተወጉት ካልተወጉት ይልቅ የባሰ ሁኔታ ላይ እንደሚገኙ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ጅማትን የሚያጠነክረው በልክ የተመጠነ ሸክም ነው። ክንድን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ፣ በግማሽ ሊትር ውሃ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ መያዝ፤ በሌላው እጅ እየረዱ አንጓን ማንሣት፣ ከዚያ ያለ እርዳታ ቀስ ብሎ ማውረድ። ትንሽ ቢያም አያስፈራም። በማግስቱ ከባሰ ክብደቱን መቀነስ፣ ከቀለለ በየጊዜው መጨመር ነው።

በእጇ ጉልበት ልጆች ለምታሳድግ እናት «እረፊ» ብሎ መሸኘት ሕክምና አይደለም። ሥራዋን አብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ እጥበቱን በቀናት መከፋፈል፣ ከመጭመቅ ይልቅ አንጠፍጥፎ ማስጣት፣ ድስቱን መዳፍ ወደ ላይ አድርጎ በሁለት እጅ ማንሣት።

አብዛኛው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይድናል። ስለዚህ ክርናችሁን የሚያማችሁ፣ ለመርፌ ከመቸኮላችሁ በፊት ለሦስት ወር እንቅስቃሴውን ሳትሰለቹ ሥሩ። የሙያ ባልደረቦቼም፣ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት ታካሚው በእጁ ምን እንደሚሠራ ጠይቁ።