ከ«ባንያን» እስከ «ቻይና»፦ የእስያ ሕዝቦች መጠሪያ በጣና ዳር

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ፣ መራዊ አጠገብ፣ የቆጋ መስኖ አለ። ሰባት ሺህ ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያጠጣ የታቀደ ነው። በዚያ አካባቢ የምሥራቅ እስያ መልክ ያለው ሰው ብቅ ካለ ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይከተሉታል። ሰውየው ጃፓናዊም ይሁን ኮሪያዊ ወይም ቬትናማዊ ጥሪው ያው ነው። ይህ ልማድ የልጆች ጨዋታ ብቻ ተደርጎ ሊታለፍ አይገባም። አማርኛ የእስያን ሕዝቦች የጠራባቸው ቃላት ረጅም ታሪክ አላቸው፤ ታሪካቸው ሲመረመርም እያንዳንዱ ቃል ሕዝቡን ያወቅንበትን በር እንጂ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበትን ስም እንደማይነግረን ይታያል።

ከሁሉ የቀደመው የግእዙ «ህንደኬ» ነው። ቃሉ በግእዝ የህንድ አገር መጠሪያ ሲሆን፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ቁጥር 27 ደግሞ የኢትዮጵያ ንግሥት ስም ሆኖ ይገኛል። አንድ የቃል መልክ ሩቁን አገርም የራስን ንግሥትም መያዙ ብቻውን የሚያስገርም ነው። ነገሩ በእኛ ብቻ የተወሰነም አልነበረም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በአምስተኛው መጀመሪያ የኖረው ሩፊኖስ፣ የፍሬምናጦስን ማለትም የአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ታሪክ ሲጽፍ አክሱምን በ«ህንድ» ስም ነበር የጠራት። እንግዲህ በሩቅ ሰው ዓይን አንድ ጊዜ እኛም ህንድ ተብለናል።

ሁለተኛው «ባንያን» ነው። መነሻው በጉጃራቲ ቋንቋ ነጋዴን የሚያመለክተው «ቫኒዮ» ሲሆን፣ የዚያም ሥር የሳንስክሪቱ «ቫኒጅ» ነው። ቃሉ በትውልድ አገሩ የሚያመለክተው የንግድ ወገን የሆኑትን፣ በሃይማኖታቸው ሂንዱ ወይም ጄይን የሆኑትን ነው። በዐረቦችና በፖርቱጋሎች የባሕር ንግድ አማካይነት በቀይ ባሕር ወደቦች ተሰራጨ፤ በምፅዋ የሰፈሩ የህንድ ነጋዴዎችም በዚሁ ስም ታወቁ። ወደ ጣና አካባቢ ሲደርስ ግን ትርጉሙ ሰፋ። የአፄ ሱስንዮስ (እ.ኤ.አ. 1607–1632) ዜና መዋዕል የደንቀዝን ቤተ መንግሥት ግንባታ ሲተርክ ባለሙያውን አብደልከሪም ብሎ ይጠራዋል፤ ወገኑንም «ባንያን» ይለዋል። ስሙ የእስላም ስም ነው፤ ሙያውም ግንበኝነት እንጂ ንግድ አይደለም። የነጋዴ ወገን መጠሪያ የነበረው ቃል እዚህ ላይ የህንድ ሰው ሁሉ መጠሪያ ሆኗል። ጸሐፊው ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። የሚያሳየን የቃሉን ጉዞ ነው፤ ከወደብ ወደ ደጋ ሲወጣ ሙያውንና ሃይማኖቱን ጥሎ የትውልድ አገሩን ብቻ ይዞ ደረሰ።

ሦስተኛው ቃል በየቤታችን አለ፤ ነገር ግን የሕዝብ ስም መሆኑን አናስተውለውም። «ሲኒ» የመጣው «ሲኒ» ከሚለው ዐረብኛ ነው፤ ፍቺውም «የቻይና» ማለት ነው። ዐረቦች ቻይናን «ሲን» ይሏታል፤ ከዚያ የሚመጣውን የሸክላ ዕቃም በአገሩ ስም ጠሩት። ቡና ባፈላን ቁጥር አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልን የምንጠጣበት ዕቃ ሰዎቹን ሳናያቸው በፊት ስማቸውን ይዞ ገብቷል።

ዛሬ የምንለው «ቻይና» ደግሞ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። የሳንስክሪቱ «ቺና» በፋርስና በፖርቱጋል አፍ አልፎ ወደ አውሮፓ ገባ፤ እኛም ከአውሮፓ ቋንቋ ወሰድነው። ብዙ ሊቃውንት የቃሉን ሥር እ.ኤ.አ. ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ዓመት ቻይናን አንድ ካደረገው የቺን ሥርወ መንግሥት ጋር ያያይዙታል። ቻይናውያን ራሳቸው ግን አገራቸውን «ጆንግጉዎ»፣ መካከለኛይቱ አገር ይሏታል።

በመንገድ ላይ ያለው ጥሪ አንድ የሰዋስው ጉድለት አለበት። አማርኛ አገርን ከሰው የሚለይበት «-ዊ» የሚል ቅጥያ አለው፦ ቻይናዊ፣ ህንዳዊ፣ ጃፓናዊ። «ቻይና!» ብሎ የሚጣራ ሰው ይህን ቅጥያ ይጥላል፤ ከቅጥያው ጋር ሰውየውም ይጠፋና አገር ብቻ ይቀራል። ጥሪው እንዲህ የተስፋፋው ቻይናውያን የመንገድና የድልድይ ሠራተኛ ሆነው በብዛት ስለታዩ ነው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. በባሕር ዳር የተመረቀው፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የቻይና ተቋራጭ ሥራ ነው። «ባንያን» ከሱቅ እንደተወለደ «ቻይና»ም ከግንባታ ቦታ ተወለደ።

በአንጻሩ በዚሁ በጣና ዳር ሌሎች እስያውያን ስም ሳይተዉ አልፈዋል። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በፎገራ ሜዳ ሩዝ እንዲለመድ ረድተዋል፤ ገበሬው የወደደው ዝርያ ግን «ኤክስ-ጅግና» ተብሎ በአካባቢው ስም ተጠራ። ዛሬ በጎጃምና በጎንደር የምንበላው ሩዝ ያንን ውለታ በስም አያስታውስም።

ለይቶ መጥራት ለእኛ አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚለውን መጽሐፋቸውን ጻፉ። አገሩን በስሙ ጠሩት፤ ሥርዓቱንም ቀርበው መረመሩ። የዚያው ዓመት የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገውም ሊቃውንቱ ሕዝብን ከሕዝብ ለይተው በማወቃቸው ነው።

ስለዚህ «ባንያን» በታሪክ መጽሐፍ፣ «ሲኒ» በረከቦት ላይ ይቆዩ፤ የጉዟችን ምስክሮች ናቸው። መንገድ ላይ የምናገኘው ሰው ግን አገር አይደለም። በባህላችን የማያውቁትን ሰው «ወንድሜ»፣ «እናቴ»፣ «ጌታው» ብሎ መጥራት ወግ ነው። መምህራንና ወላጆች ልጆችን ይህን ያስተምሩ፦ እንግዳ ሲመጣ ሰላምታ ይቅደም፤ ስሙም ይጠየቅ።