የትንበያ ጥላ ምን ያህል ይታመናል?

ለመጪዎቹ ዓመታት የሚመዘገቡትን ተማሪዎች ቁጥር አስቀድሞ መገመት የትምህርት ዕቅድ መሠረት መሆኑ የታወቀ ነው። የሚሠሩት የመማሪያ ክፍሎች፣ የሚሠለጥኑት መምህራንና የሚታተሙት መጻሕፍት ብዛት ከዚሁ ግምት ይመነጫል። ዛሬ ግምቱን በአብዛኛው የሚያሰላው ኮምፒዩተር ሲሆን፣ ውጤቱ በአንድ መስመርና ከመስመሩ በላይና በታች በተቀባ ጥላ ይቀርባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥላው የሚናገረውንና የማይናገረውን ለይቶ ማሳየት ነው።

በቅድሚያ በጎ ጎኑ ሊነሣ ይገባል። ብቻውን የተሠመረ መስመር የሌለውን እርግጠኝነት ያስመስላል። የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1996 የዋጋ ንረት ትንበያውን እንደ ማራገቢያ በተዘረጋ ግራፍ ማቅረብ የጀመረው የወደፊቱን አለመታወቅ ለሕዝብ ለመግለጽ ነው። «አር» በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚሠራው «ፎርካስት» ደግሞ የ80 እና የ95 በመቶ ወሰኖችን ተጠቃሚው ሳያዝዘው ይሥላል። ይህ የሚመሰገን ነው።

ሆኖም ሁለት ጉድለቶች አሉ። አንደኛው የጥላው ጥበት ነው። ቦክስና ጄንኪንስ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ የታወቀውን፣ ከ1949 እስከ 1960 የተመዘገበውን የ144 ወራት የአውሮፕላን ተጓዦች ቁጥር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ፕሮግራሙ በእነርሱ ዘዴ የ1961ን ሲተነብይ፣ ሞዴሉ ትክክል፣ መለኪያዎቹም ያለ ስሕተት የታወቁ እንደሆኑ ቆጥሮ ያሰላል። መለኪያዎቹን በመገመት የሚመጣው ስሕተት በስሌቱ እንዳልተካተተ የ«አር» መመሪያ ራሱ በግልጽ ያስረዳል። ነገር ግን ማስጠንቀቂያው በመመሪያው ሲቀር፣ ወደ ኃላፊዎች ጠረጴዛ የሚደርሰው ግራፉ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የአነባበብ ነው። 95 በመቶ የተባለው እያንዳንዱን ወር ለየብቻው እንጂ ዓመቱን በሙሉ አይመለከትም። የወራቱ ስሕተቶች እርስ በርስ ባይያያዙ ኖሮ፣ 12ቱም ወራት በጥላው ውስጥ የመዋል ዕድላቸው 54 በመቶ ያህል ብቻ በሆነ ነበር። በእውነቱ ስሕተቶቹ ስለሚያያዙ አኃዙ ይለወጣል፤ ቢሆንም ከ95 በመቶ እንደሚያንስ አያጠራጥርም።

ስለዚህ ማንኛውም የትንበያ ግራፍ በሥሩ ሦስት ነገሮችን ሊይዝ ይገባል፦ ወሰኑ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ የትኛው ስሕተት እንዳልተካተተበት፣ እንዲሁም ሞዴሉ ቀድሞ እንዴት እንደተፈተነ። ፈተናው ቀላል ነው። የመጨረሻው ዓመት መረጃ ተደብቆ ትንበያው ይሠራል፤ ከዚያም ስንቱ ወር ከጥላው እንደወጣ ይቆጠራል።

ዕቅድ አውጪም ዓይኑን ከመስመሩ ወደ ጥላው ጠርዝ ያንሣ። የተማሪው ቁጥር ወደ ላይኛው ጠርዝ ቢያዘነብል፣ በመስመሩ ልክ በተሠራ ትምህርት ቤት መቀመጫ የሚያጣው ሕፃኑ ነውና።