«ዱር ቤቴ»፦ ወጣቱ ከቤት ስለ መውጣቱ በሥነ ጽሑፋችን

በአማርኛ የሸፈተ ሰው «ዱር ቤቴ አለ» ይባላል። አነጋገሩን ጆሯችን ስለ ለመደው ቆም ብለን አንመረምረውም እንጂ ፍሬ ነገሩ ከባድ ነው። ወጥቶ የሄደው ሰው ቤት አጣ አይባልም፤ ዱሩን ቤት አደረገ ይባላል። በግዕዝም «ገዳም» የሚለው ቃል የመነኮሳት መኖሪያ ስም ከመሆኑ በፊት ምድረ በዳን፣ ያልታረሰና ሰው ያልሰፈረበትን ምድር ያመለክት ነበር። ስለዚህ በቋንቋችን ውስጥ መናኙና ሽፍታው ጎረቤታሞች ናቸው። እዚህ ላይ ልናነሣ የምንፈልገው ጥያቄ፣ ወጣቱ የእናት የአባቱን ቤት ትቶ በረሃ የሚገባው ለምንድን ነው? ሥነ ጽሑፋችንስ ምን መልስ ሰጥቶናል? የሚል ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚሰጡት ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ድህነት፣ በደልና መታለል። ሦስቱም እውነትነት አላቸው፤ ነገር ግን በቂ ሆነው አላገኘናቸውም። የገብረ ክርስቶስን ገድል እንመልከት። በገድሉ እንደተጻፈው ገብረ ክርስቶስ የንጉሥ ልጅ ነው፤ የጎደለበትም የበደለውም የለም። በሠርጉ ሌሊት ሙሽራይቱን ትቶ ወጣ፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ማንም ሳያውቀው በአባቱ ደጅ ለማኝ ሆኖ ኖረ። ይህን ገድል ዋሊስ በጅ በ1898 እ.ኤ.አ. እዚሁ ለንደን አሳትሞታል። የብራናው ባለቤት የነበረችው ሌዲ ሚዩ በ1910 እ.ኤ.አ. ስትሞት የኢትዮጵያ ብራናዎቿ ለዳግማዊ ምኒልክ እንዲሰጡ ተናዝዛ ነበር፤ ኑዛዜው ግን ሳይፈጸም ቀርቷል። መጽሐፉም እንደ ባለታሪኩ ከቤቱ ወጣ፤ በአባቱ ደጅ እንኳ ለመቀመጥ ሳይበቃ ቀረ።

ሁለተኛው ምስክራችን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በወረራው ዘመን ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ተሰልፈው፣ በጠላት እጅ ወድቀው፣ ለዓመታት በኢጣልያ የታሰሩ ሰው ናቸው፤ ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. ከመታተሙ በፊት በነበሩት ዓመታትም በለንደን የኢትዮጵያ አምባሳደር ነበሩ። ሰብለ ወንጌል የባላባት ልጅ ናት፤ ርሃብ አላስወጣትም። ያስወጣት የአባቷ ቤት ለእርሷ ቃል ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ዘር ቆጠራ ሲጨነቁ የልጃቸው ዕድሜ አለፈ፤ ልጅቱን ግን ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። ስትወጣም የመነኩሴ ልብስ ለብሳ መሆኑ እንዲያው የተገኘ አይመስለንም። በዚያ ኅብረተሰብ ውስጥ ከቤቱ የወጣ ሰው ተከብሮ የሚያልፍበት አንድ የታወቀ መንገድ ቢኖር ምናኔ ነበር።

ከዚህ ተነሥተን የ1960ዎቹን ትውልድ ስናይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልናል። በ1967 ዓ.ም. ወደ ደደቢት የወረዱት፣ በኋላም ወደ አሲምባ የወጡት ተማሪዎች በአገሪቱ ውስጥ እጅግ የተራቡት አልነበሩም። ብዙዎቹ መንግሥት ያስተማራቸው፣ ወንበር የሚጠብቃቸው ነበሩ። በዚያው ዓመት በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ስልሳ ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲላክ፣ አገሬ ይሉት የነበረው ቤት ገበሬውን ከደጅ ያስቀመጠ መሆኑን ብዙዎቹ በዓይናቸው አዩ። ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ቀይ ሽብር በከተማ ሲስፋፋ ደግሞ ለብዙዎች በረሃው ምርጫ መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻ መጠጊያ ሆነ። ታጋዩ የተጠመቀበትን ስም ትቶ የሜዳ ስም ሲይዝ፣ ሳያስበው የመነኮሳትን ሥርዓት ይደግም ነበር። አዲስ ስም የሚያወጣ ሰው ከአባቱ ቤት የተሻለ ቤት የሚፈልግ ነው።

እዚህ ላይ ግን ንጽጽሩን መግታት ይገባናል። መናኙ በረሃ የሚገባው በራሱ ላይ ሊፈርድ ነው፤ ታጋዩ የሚገባው በሌላው ላይ ሊፈርድ ነው። መናኙ ጠመንጃ የለውም። ጠመንጃው ካለ ደግሞ የተሸሸው ቤት ተከትሎ ይመጣል። አንድ ዓይነት ግፍ ሸሽተው የወጡ ወጣቶች በ1970 ዓ.ም. በትግራይ ተራሮች እርስ በርሳቸው ተዋጉ፤ የኢሕአፓ ሠራዊትም አሲምባን ለቀቀ። የማይጠየቀው አባት በበረሃ የማይጠየቅ አመራር ሆኖ ጠበቃቸው።

ስለዚያ ዘመን የተጻፉት መጻሕፍት ጥቂት አይደሉም። የክፍሉ ታደሰ «ያ ትውልድ» ድርጅቱ እንዴት እንደተመሠረተ፣ እንደተከፋፈለና እንደተመታ በዝርዝር ስላስቀመጠልን ባለውለታችን ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ የድርጅት ታሪክ እንደመሆኑ ከደጅ ቆማ የቀረችውን እናት አያሳየንም። በጠቅላላው ትዝታ ጸሐፊዎቻችን ስለ መውጣቱ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ መመለሱ የጻፉት ጥቂት ነው። የገድሉ ጸሐፊ በዚህ ይበልጣቸዋል። ለእርሱ የታሪኩ ክብደት ያለው በሽሽቱ ሌሊት ሳይሆን፣ ልጁ በአባቱ ደጅ ሳይታወቅ በኖረባቸውና ወላጆቹ በርቀት ባለቀሱለት ዓመታት ላይ ነው።

ይህን የምናነሣው ለመጽሐፍ ትችት ብቻ ብለን አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተነሣው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተቀጣጠለው ግጭት ወጣቶች ደብተራቸውን ጥለው ወደ ጫካ ሄደዋል። እኛም በስደት ያለነው፣ በለንደን ሞቃት ክፍል ተቀምጠን፣ እንደየወገናችን አንዱን በግጥም ስናወድስ ሌላውን ስንረግም ቆይተናል። ውዳሴውም እርግማኑም አንድ ጥያቄ ያስቀርብናል፤ ይህ ልጅ ከመውጣቱ በፊት በቤቱ ምን ብሎ ነበር? ማንስ ሰማው?

በእኛ አስተያየት ወጣቱን ዱር የሚያስገባው የዱሩ ውበት አይደለም። ቃሉን ተናግሮ የሚያድርበት ቤት ሲያጣ ነው። ስለዚህ የምሁሩ ተግባር በረሃውን ማስዋብም ማጥላላትም ሳይሆን፣ ቤቱ ስለምን እንደሚዘጋ መመርመርና የተመለሰውን ለይቶ ማወቅ ነው። የገብረ ክርስቶስ ወላጆች ልጃቸውን ያወቁት ከሞተ በኋላ፣ በእጁ ከተገኘው ጽሑፍ ነበር። እኛ የምንጽፈው ከዚያ በፊት ሊነበብ ይገባዋል።