ማርሚታና ሚዛን

ባለፈው ሰሞን መኪናዬ ዳገት አልወጣም ብላ ጋራዥ ወሰድኳት። ወጣቱ መካኒክ ከሥሯ ገብቶ ወጣና፣ «ጋሼ፣ ያፈነቻት ከማርሚታው በፊት ያለችው ዕቃ ናት። አውጥተን ቀጥታ ቱቦ እንበይድላት፤ የሚገዛትም ሰው አለኝ» አለኝ። ዕድሜዬን ስለ ዘይቤና ስለ ምፀት ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ ስለ ማርሚታ ምን አውቃለሁ? እሺ አልኩ። ገዢው መጣ፣ ዕቃዋን ገልበጥ አድርጎ አየ፣ ዋጋ ጠራ፣ ይዞ ሄደ። የተሰጠኝ ብር አንድ ቀን እንኳ ቤንዚን አላስቀዳኝም።

ምን እንደሸጥኩ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ካታሊቲክ ኮንቨርተር ይሏታል። ሆዷ የማር እንጀራ የመሰለ ሸክላ ነው፤ በየቀዳዳው ግድግዳ ላይ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም በስሱ ተቀብተዋል። ተደምረው ጥቂት ግራም ቢሆኑ ነው። ግን በ2021 እ.ኤ.አ. አንድ አውንስ ሮዲየም፣ 31 ግራም መሆኑ ነው፣ ወደ 30,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። ወርቅ በዚያ ዓመት 2,000 አልደረሰም!

እንግዲህ ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ልኩ በዓይን አይታወቅም። ሸክላው ከቅርፊቱ ወጥቶ ይፈጫል፣ እንደ ሽሮ ልሞ ይደባለቃል፤ ከዚያ ናሙናው በኤክስሬይ መሣሪያ ይነበባል፣ ቤተ ሙከራም ያረጋግጣል። ዱቄቱ ሳይደርቅ ወይም በወጉ ሳይልም ከተነበበ መሣሪያውም ይዋሻል። ገዢው ግን ቢያንስ በዕቃዋ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አይቶ ዋጋዋን ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ንግድ ትሉታላችሁ?

ማውጣቱማ ሌላ ጣጣ ነው። እንደ ቤልጂየሙ ዩሚኮር ያሉት በግዙፍ እቶን አቅልጠው ይለዩታል። በጓሮ ናይትሪክና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ደባልቄ አወጣዋለሁ የሚል ካለ፣ ጢሱ ሳንባውን ይበላዋል፤ ውዱ ሮዲየም ደግሞ ለዚያ አሲድም በቀላሉ አይበገርም።

ለፕላቲነም እንግዶች ብንሆን ኖሮ ባልከፋኝ። ወለጋ፣ ዩብዶ ላይ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከደለል ሲታጠብ የኖረ ማዕድን ነው። ከአፈር አጥበን የምናወጣውን፣ ከመኪና ሥር ስናገኘው ለቁራሌው እንደ ቆርቆሮ እንሰጠዋለን።

ገንዘቡስ ይቅር። ያቺ ዕቃ ካርቦን ሞኖክሳይዱን፣ ያልተቃጠለውን ነዳጅና የናይትሮጅን ኦክሳይዱን ጉዳታቸው ወደቀለለ ጋዝ ትለውጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል፤ የገባው ግን ገና ብዙ ዘመን ይነዳል፣ እኔም ጭምር። መኪናዬን ለዓመቱ ምርመራ ስወስዳት ከሥሯ ጎንበስ ብሎ ያየ አልነበረም። መብራቷን አዩ፣ ፍሬኗን አዩ፣ አለፈች።

መካኒኩን ተመልሼ ብወቅሰው፣ «ጋሼ ደግሞ! ሁሉም እኮ እያስወጣ ነው» አለኝ።

ደጄ ላይ ጉሊት የምትቸረችር ሴት አለች። ጠዋት ሞተር ሳስነሳ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ትስባለች፣ ልጇንም ወደ ጀርባዋ ታዞራለች። እኔ ዳገቱን እወጣለሁ።