የተመላሹ ወሰን፤ በ«ጤዛ» ፊልም ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ስደት የሚሠሩ ፊልሞች ወሰን ብለው የሚያሳዩን አብዛኛውን ጊዜ ወንዝን፣ ኬላንና ወታደርን ነው። የግሪኩ አዘጋጅ ቴዎ አንጌሎፑሎስ እ.ኤ.አ. በ1991 ባቀረበው «የሽመላ የተንጠለጠለ እርምጃ» ሙሽሪት በአንደኛው፣ ሙሽራው በሌላው የወንዝ ዳር ቆመው ሲጋቡ እናያለን፤ የሚለያያቸው ውሃ በዓይን የሚታይ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ግን ዋናውን ወሰን ያኖረው አገር ከተገባ በኋላ ነው። ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማት አግኝቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፊልሙ በዚህ ወሰን ላይ የት ድረስ እንደ ዘለቀ፣ የትስ ላይ እንደ ቆመ መመርመር ነው።

አንበርብር በጀርመን አገር ሕክምና ተምሮ በደርግ ዘመን ይመለሳል፤ ጓደኛው ተስፋዬ ይገደላል፤ እርሱም ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ ሳለ ዘረኞች ጥቃት አድርሰውበት አንድ እግሩን ያጣል። እ.ኤ.አ. በ1990 በጣና ሐይቅ ዳር ወዳለችው መንደሩ ሲገባ ትዝታው ተቆራርጦበታል። አዘጋጁም ታሪኩን በተራ አይተርክም፤ መንደሩንና ኮሎኝን እያፈራረቀ ያሳያል። ስለዚህ ተመልካቹም እንደ አንበርብር ያለፈውን የሚያገኘው በቁርጥራጭ ነው። የፊልሙ ትልቅ ብልኀት ይህ ይመስለኛል።

ኹለተኛው ብልኀት ልጆቹ ናቸው። ለውትድርና እንዳይታፈሱ በዋሻ ይሸሸጋሉ፤ ይኸውም ከቀያቸው ሳይርቁ ስደተኞች ሆነዋል ማለት ነው። እንግዲህ ባዕድነት የተማረው ሰው ብቻ ዕጣ አይደለም።

ይሁን እንጂ መፍትሔው ጠባብ ነው። አንበርብር የመንደሩ መምህር ይሆናል፤ መንደሩ ካገለላት ከአዛኑም ልጅ ይወልዳል። የአዛኑ መከራ በገዛ ራሱ እንዲቆም አልተፈቀደለትም፤ የእርሱን ቁስል ማድረቂያ ሆኖ ይቀራል። ከባሕር ማዶ የሚመለሰውም ምሁሩ ብቻ ነው። ነገር ግን ፊልሙ ከወጣ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 እና በ2014፣ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። በምንኖርበት በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ፣ ልጇን ለቤት ሠራተኝነት ዓረብ አገር የላከች እናት እንግዳ አይደለችም። ያቺ ልጅ ስትመለስ የምታስተምርበት ሰሌዳ የላትም፤ የሚጠብቃት «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

«ጤዛ» ይህን ጥያቄ በአማርኛ ለመጠየቅ በር ከፍቶልናል። ተመላሿን ዋና ባለታሪክ አድርጎ መጠየቅ ግን ከእርሱ በኋላ የመጣነው ሰዎች ድርሻ ነው።