ድርና ሙሾ፦ የሆሜር ሴቶች

በሆሜር ስም የሚጠሩት ሁለቱ የጥንት ግሪክ ኤፒክ ግጥሞች፣ «ኢሊያድ» እና «ኦዲሴ»፣ ቅርጻቸውን የያዙት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት አካባቢ እንደሆነ ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ። አንደኛው ግሪኮች ትሮይን የወጉበት የጦር ሜዳ፣ ሌላው ከዚያ ጦርነት ወደ አገር ቤት የመመለስ ታሪክ ነው። በሁለቱም ውስጥ ውሳኔውም ሰይፉም በወንዶች እጅ ነው፤ ሴቶቹ ይማረካሉ፣ ይዳራሉ፣ ይጠብቃሉ። ገጣሚው ሥልጣን የሌላቸውን እነዚህን ሴቶች ግን ንግግር አልነፈጋቸውም፤ ትልቁ ጥበቡም እዚህ ላይ ይታያል።

ግጥሞቹ የቃል ግጥም ልማድ ውጤት ስለሆኑ የተዘጋጁ ሐረጎች ይበዙባቸዋል። አሜሪካዊው ሚልማን ፓሪ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ወደ ዩጎዝላቪያ ሄዶ፣ መሰንቆ የሚመስል ባለ አንድ አውታር መሣሪያ እየመቱ ረጅም ታሪክ የሚያዜሙ ሰዎችን ድምፅ የቀረጸው ይህን አሠራር ለመረዳት ነበር። «ክንደ ነጯ» የሚለው ቅጽል ለአምላኳ ለሄራ፣ ለአንድሮማኬ፣ ለሄለን፣ ለወጣቷ ለናውሲካም ያገለግላል። የሚገባው ስንኙን ስለሚሞላ ነው፤ አንዷን ከሌላዋ አይለይም። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት የምትለየው በእጅ ሥራዋና በአንደበቷ ነው።

ከግሪክ ወደ ትሮይ የመጣችው የሄለን ውበት የጦርነቱ መነሻ ቢሆንም ሆሜር መልኳን አይዘረዝርም። በ«ኢሊያድ» 3ኛ መጽሐፍ በትሮይ ቅጥር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ስትመጣ ያዩዋትና፣ ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት ብዙ ዘመን መከራ ማየት አያስወቅስም ይባባላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ወደ አገሯ ብትሄድልን ይላሉ። ጀርመናዊው ሌሲንግ እ.ኤ.አ. በ1766 ባሳተመው «ላኦኮን» ይህን ቦታ አንሥቶ፣ ውበትን በተመልካቹ ላይ በሚያሳድረው ስሜት ማሳየት ከዝርዝር እንደሚበልጥ አስረድቷል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ሄለን ስትሸምን ትታያለች፤ በሐምራዊው ጨርቋ ላይ ሁለቱ ሠራዊቶች በእሷ ምክንያት የሚቀበሉትን መከራ ትሥላለች። ሸማኔ ሲባል ወንድ ለሚታየው አንባቢ ነገሩ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በሆሜር ዓለም ግን ፈትሉም ሽመናውም የሴት ሥራ ነው፣ ንግሥትም ብትሆን። ሄለን ገጣሚው በቃል የሚሠራውን በክር ትሠራለች፤ በግጥሙ ውስጥ ጦርነቱን ገና ሳያልቅ ታሪክ አድርጋ የምታየው እሷ ናት።

ከሁሉ ጠልቆ የተሣለው የአንድሮማኬ ገጸ ባሕርይ ነው። በ6ኛው መጽሐፍ ባሏን፣ የትሮዩን ጀግና ሄክቶርን፣ ከተማው በር ላይ አግኝታ ታለቅሳለች። አባቷንና ሰባት ወንድሞቿን የግሪኮቹ ጀግና አኪሌስ ገድሏቸዋል፣ እናቷም ሞታለች፤ አባቷም እናቷም ወንድሟም ሄክቶር ነው። እንባዋ ሳይደርቅ የጦር ምክር ትሰጣለች፦ ቅጥሩ ለጠላት የሚቀለው በዱር በለሱ በኩል ስለሆነ ሠራዊቱን እዚያ እንዲያቆም ትነግረዋለች። ብዙ አንባቢ ይህን ሳያስተውል ያልፈዋል፤ ሆሜር ግን ፍርሃቷንና አስተዋይነቷን በአንድ ንግግር ውስጥ አስቀምጧል። ሄክቶር ጦርነት የወንዶች ጉዳይ መሆኑን ነግሮ ወደ ሽመናዋና ወደ እንዝርቷ ይመልሳታል። በ22ኛው መጽሐፍ የምትገኘውም ልክ እዚያው ነው። በጨርቋ ላይ አበባ እየጠለፈች፣ ባሏ ከጦርነት ሲመለስ የሚታጠብበት ውሃ እንዲሞቅ ገረዶቿን ታዛለች። ሄክቶር ግን ሞቷል፤ አድማጩ ያውቃል፣ እሷ አታውቅም። ከቅጥሩ በኩል ዋይታ ስትሰማ መወርወሪያዋ ከእጇ ይወድቃል። ከመታዘዟ የተነሣ መርዶውን ከከተማው ሰው ሁሉ ኋላ ሰማች። ይህን ያህል ሐዘን ያለ አንድ የሐዘን ቃል ማስተላለፍ የቻለ ተራኪ ጥቂት ነው።

የአኪሌስና የግሪኮቹ የበላይ አዛዥ የአጋሜምኖን ጠብ በምርኮኛዋ በብሪሴይስ ምክንያት ቢነሣም፣ በ1ኛው መጽሐፍ ስትወሰድ የሚነገረው ሳትወድ መሄዷ ብቻ ነው። ምርኮኛ ሴት እንደ ዕቃ ትተመናለች፦ በ23ኛው መጽሐፍ የትግል ውድድር ለአሸናፊው 12 በሬ የሚያወጣ ባለ ሦስት እግር ድስት፣ ለተሸናፊው 4 በሬ የምታወጣ ባለሙያ ሴት ትቀርባለች። ብሪሴይስ አንደበት የምታገኘው በ19ኛው መጽሐፍ፣ በአኪሌስ ወዳጅ በፓትሮክሎስ አስከሬን ላይ ሙሾ ስታወርድ ነው። ከተማዋ በወደቀ ጊዜ ባሏና ሦስት ወንድሞቿ አልቀዋል፤ ያጽናናት ሟቹ ነበር። አብረዋት ያሉት ሴቶች በፓትሮክሎስ አሳብበው የየራሳቸውን መከራ ያለቅሳሉ። በሰው ለቅሶ የራስን ማልቀስ ለቅሶ ቤት የሚያውቅ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። «ኢሊያድ» ራሱም ወደ ፍጻሜው ሲደርስ ቃሉን ለሦስት ሴቶች ይለቃል፤ በሄክቶር አስከሬን ላይ አንድሮማኬ፣ እናቱ ሄኩባና በመጨረሻ ሄለን ተራ በተራ ያሞሻሉ።

በ«ኦዲሴ» 1ኛ መጽሐፍ የኦዲሴዎስ ልጅ ቴሌማኮስ እናቱን ፔኔሎፔን ወደ ሽመናዋ የሚመልሳት ሄክቶር በተጠቀመበት አነጋገር ነው፤ ልዩነቱ «ጦርነት» በነበረበት ቦታ «ንግግር» መግባቱ ነው። እሷ ግን ያንኑ ሽመና መከላከያ አድርጋዋለች፦ ለአማቷ መግነዣ እየሠራች፣ ቀን የሸመነችውን ሌሊት እየተረተረች፣ ለጋብቻ የመጡትን 108 ወንዶች ሦስት ዓመት አዘግይታለች። በ23ኛው መጽሐፍ ደግሞ አልጋው ከክፍሉ እንዲወጣ በማዘዝ ከጦርነቱ የተመለሰውን ተንኮለኛ ባሏን ኦዲሴዎስን ራሱን ታታልለዋለች፤ አልጋውን ሥር ካለው የወይራ ግንድ የሠራው እሱ ስለሆነ ተቆጥቶ ምስጢሩን ያወጣል። ተነጻጻሪ ዘይቤዎቹም ባልና ሚስቱን ያቀራርባሉ። ባሏን ያወቀችው ፔኔሎፔ ከመርከብ መስጠም ተርፎ የብስ በረገጠ ሰው ትመሰላለች። በ8ኛው መጽሐፍ ትሮይን ያፈረሰው ኦዲሴዎስ የሚያለቅሰው፣ የባሏን ሬሳ እንዳቀፈች በጦር እየተወጋች ወደ ባርነት እንደምትነዳ ሴት ነው። በ22ኛው መጽሐፍ የሚሰቀሉት የኦዲሴዎስ ቤት 12 ገረዶች ግን በወጥመድ እንደተያዙ ወፎች ይመሰላሉ እንጂ የመከላከያ ቃል አይሰጣቸውም። የገጣሚው ርኅራኄ የደረሰበት ወሰን ይኸው ነው፤ ሥራውን የሚወድ አንባቢም ይህን መሸፈን የለበትም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት የሮዴሱ አፖሎኒዮስ «አርጎናውቲካ» በተባለው ግጥሙ ሌላ መንገድ ተከተለ። በ3ኛው መጽሐፍ በፍቅርና አባቷን በመፍራት መካከል ሌሊቱን ሙሉ የምትንገላታውን ወጣቷን ሜዴያን ከውስጥ፣ ሐሳቧን እየተከታተለ ያሳያል። ሮማዊው ቨርጂል በኋላ የካርቴጅን ንግሥት ዲዶን ሲቀርጽ ከዚህች ሜዴያ ብዙ ወስዷል።