«ጀርም» የሚለው ቃልና የጤና ትምህርታችን፦ ከወልድያና ከመርሳ አገር አንጻር የቀረበ ሒስ

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ስለ በሽታ የምንናገርበትን አነጋገር ነው። በአገራችን የጤና ትምህርት በትምህርት ቤትም ሆነ በጤና ጣቢያ ደጃፍ ሲሰጥ፣ በዐይን የማይታየውን ፍጥረት ሁሉ በአንድ ቃል «ጀርም» ብሎ ይጠራዋል፤ ቀጥሎም ጀርም ጠላት እንደ ሆነ፣ በቆሻሻ ውስጥ እንደሚኖር፣ በሳሙናና በፈላ ውሃ እንደሚሞት ያስረዳል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ቀንድና ጥርስ ያለው ጀርም ከክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሥሎ ይታየን ነበር። ሥዕሉ ያስፈራ ስለ ነበረ እጃችንን እንታጠብ ነበር፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ይህ አነጋገር ዐዋቂውን፣ ይልቁንም በሰሜን ወሎ ከወልድያ እስከ መርሳ በሚወርደው አገር የሚኖረውን ገበሬ፣ ከበሽታ ይጠብቀዋልን? የእኛ መልስ «በጥቂቱ እንጂ በብዙው አይጠብቀውም» የሚል ነው። ምክንያቱን ቀጥለን እናቀርባለን፤ ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድመን ስለ አገሩ ጥቂት እንናገር። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከዚያ በደሴ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያኽል ወደ ደቡብ የተጓዘ ሰው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ከሆነችው ከመርሳ ይደርሳል። በዚያ ከፍታው ወደ 1600 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ማሽላው ይበዛል፣ ማንጎውና ብርቱካኑ ይታያል፣ ወንዞቹም ወደ ምሥራቅ ወደ አፋር ምድር ይወርዳሉ። ፊቱን ወደ ምዕራብ የመለሰ እንደ ሆነ ደግሞ ገብስ የሚዘራበትን ደጋ ከበላዩ ያያል። ደጋው፣ ወይና ደጋውና ቆላው እንዲህ ተቀራርበው የሚገኙበት አገር ስለ ሆነ፣ በውስጡ የሚኖሩት ረቂቃን ፍጥረታት አንድ ዐይነት አይደሉም፤ ወደ ሰው የሚደርሱበትም መንገድ አንድ አይደለም።

ከደጋው እንጀምር። ብርድ በጸናበት አገር ሰው ልብሱን ደራርቦ ይለብሳል፣ ተጠጋግቶም ያድራል፤ ውሃና ማገዶም ስለሚያጥር ልብስ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። በዚህ ጊዜ ቅማል ይበዛል። ቅማል የሚያመጣው ትኩሳት ሕዝቡ «ግርሻ» የሚለው ነው፤ ይህም ስም ከብዙ የሐኪም ቃል ይልቅ ትክክለኛ ነው እንላለን። በሽታው ጥቂት ቀን አተኩሶ ይለቃል፣ በሽተኛው ድኛለሁ ብሎ ሲነሣ ደግሞ ያገረሽበታል። ምክንያቱም ቦሬሊያ የተባለው ጠመዝማዛ ባክቴሪያ፣ ልብሱን ለውጦ እንደሚያመልጥ ሽፍታ፣ የላይ ሽፋኑን እየለወጠ ከሰውነት ጥበቃ ስለሚያመልጥ ነው። አሁን የተለመደው የጤና ትምህርት ለዚህ በሽታ ምን ይላል? «ንጽሕና ጠብቁ» ይላል። ዋናው ነገር ግን ይህ ባክቴሪያ ቅማሉ ሲነክስ የሚተላለፍ አለመሆኑ ነው። ቅማሉ ሲጨፈለቅ ባክቴሪያው ከደሙ ወጥቶ በተቧጨረ ቆዳ ወይም በዐይን በኩል ይገባል። እንግዲህ ቅማልን በሁለት ጥፍር መካከል መጨፍለቅ፣ እናት ለልጇ በፍቅር የምታደርገው ሥራ፣ በሽታውን ወደ እጇ መጋበዝ ሊሆን ይችላል። ልብሱን በፈላ ውሃ መቀቀል እንጂ ቅማሉን መጨፍለቅ እንደማይገባ የሚነግራት ትምህርት ያስፈልጋታል፤ «ጀርም» የሚለው ቃል ይህን አይነግራትም።

ሕዝቡ የሰጠው ስም ሁሉ ግን እንደ ግርሻ የተስተካከለ ነው አንልም። «ተስቦ» የሚለው ስም ዛሬ ለሁለት በሽታ ይሰጣል፤ አንደኛው በቅማል ኩስ የሚተላለፈው ታይፈስ፣ ሁለተኛው በተበከለ ውሃና ምግብ የሚመጣው ታይፎይድ ነው። የፊተኛው መከላከያ ከልብስ፣ የኋለኛው ከውሃና ከመጸዳጃ ቤት ይፈለጋል። ሁለቱን በአንድ ስም የጠራ ሰው አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ክፍት ይተወዋል። «ምች» ደግሞ ለብቻው የሚያስገርም ነው። ከንፈር ላይ ሽፍ ሲል ሰው «ፀሐይ መታኝ፣ ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ ይጠጣል፣ ይቀባልም። የተማረው ይስቅበታል። እውነቱን ለመናገር የከንፈሩን ቁስል የሚያመጣው ሄርፐስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ሆኖም ይህ ቫይረስ በነርቭ ሥር ተኝቶ ቆይቶ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ የፀሐይ ብርሃን ነው። ስለዚህ ያልተማረው ሰው ከምክንያቱ ግማሹን አይቶ ነበር፤ የሣቀው ተማሪ ግን ያን ግማሽ እንኳ አላየውም።

ወደ መርሳና ወደ ሀብሩ ቆላ ስንወርድ ነገሩ ወደ ወባ ይዞራል። የደጋ ሰው ቆላ ወርዶ ማደርን ይፈራ ነበር፤ ፍርሃቱንም «የቆላ ንዳድ» ይለው ነበር። ጣሊያኖች የበሽታውን ስም ከ«መጥፎ አየር» እንዳወጡት ሁሉ የእኛም አባቶች ነገሩን ለአየሩ ሰጡት። ምክንያቱን ስተዋል፣ ጠባዩን ግን ዐውቀዋል፤ ምክንያቱም የወባን ጥገኛ የምታስተላልፈው አኖፌለስ የተባለችው ትንኝ የምትነክሰው ይልቁንም በሌሊት ነው። ሮናልድ ሮስ በ1897 ጥገኛውን በትንኝ ሆድ ውስጥ እስካገኘበት ጊዜ ድረስ የአውሮፓ ሊቃውንትም ከእነዚህ ገበሬዎች ብዙ አልራቁም ነበር።

ይሁን እንጂ «ወባ የቆላ ነው» የሚለው ሐሳብ ራሱ ሰውን ገድሏል። በ1958 ዝናብና ሙቀት ከልማዱ ውጭ በሆነ ጊዜ ወባ በኢትዮጵያ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር ከፍታ ወዳለው አገር ወጣ። ሦስት ሚሊዮን ያኽል ሰው እንደ ታመመ፣ 150,000 ያኽልም እንደ ሞተ ተገምቷል። የደጋው ሕዝብ ሰውነት በሽታውን ለምዶት ስላልነበረ ጉዳቱ ከባድ ሆነ። አንባቢ የመርሳንና የወልድያን ከፍታ ከዚህ ቍጥር ጋር ያስተያይ፤ ሁለቱም በዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናነሣው ነገር ለብዙ ወዳጆቻችን ደስ ላይል ይችላል። በቆቦና በጊራና ሸለቆ መስኖ እንዲስፋፋ ሁላችንም እንመኛለን፤ ያለ መስኖ በዚያ አገር ረኃብ ይመለሳልና። ነገር ግን በአገራችን ዋና የሆነችው የወባ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው ትንንሽ ኩሬ፣ ከቦይ በፈሰሰ ውሃ፣ የከብት ኮቴ በረገጠው ጕድጓድ ጭምር ነው። በ1999 የታተመ በትግራይ የተደረገ ጥናት፣ በትንንሽ ግድቦች አጠገብ የሚኖሩ ልጆች ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ ሰባት እጥፍ ያኽል በወባ እንደሚያዙ አሳይቷል። ታዲያ ቦዩን የሚቆፍረው መሐንዲስና ጤናን የሚያስተምረው ሰው ተገናኝተው ካልተነጋገሩ፣ አንዱ የሚያበላውን ልጅ ሌላው ሲያስታምም ይኖራል። ይህ ውሃ ንጹሕ ውሃ እንደ ሆነም ይታሰብ፤ ጀርም በቆሻሻ ውስጥ ይኖራል የሚለው ትምህርት በዚህ ቦታ ሰውን ያዘናጋል።

እስካሁን የተናገርነው ሰውን ስለሚይዙት ነበር። ትምህርታችን ፈጽሞ የማይነካው ክፍል ግን ሰውን ሳይነኩ ሰውን የሚጨርሱትን ነው። ከ1888 እስከ 1892 የሆነውን ክፉ ቀን ያላስታወሰ የወሎ ሽማግሌ አልነበረም። ከጣሊያን ጦር ጋር በምጽዋ በኩል እንደ ገባ የሚነገርለት የከብት በሽታ ከአገሪቱ የቀንድ ከብት ከአሥሩ ዘጠኙን ያኽል እንደ ፈጀ ይገመታል። ይህን በሽታ ሕዝቡ ስሙን መጥራት ፈርቶ «ደስታ» ብሎታል። ቫይረሱ አንድም ሰው አልያዘም። ነገር ግን በሬ ከሌለ እርሻ የለም፣ እርሻ ከሌለም ጎተራው ባዶ ነው፤ ስለዚህ ሰውም እንደ ቅጠል ረገፈ። «ደስታ» ከፈንጣጣ ቀጥሎ ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ መሆኑ የታወጀው በ2011 ነው። ይህን ያኽል ታሪክ ያለው ቫይረስ በተማርንበት የጤና መጽሐፍ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም፤ የሰው በሽታ አይደለምና።

አባ ሰንጋን እንመልከት። የዚህ ባክቴሪያ ዘር መሰል አካሉ በአፈር ውስጥ ብዙ ዐሥርታት ዓመታት ይቆያል፤ ለጥቂት ጊዜ በመፍላትም አይበገርም። የሞተውን ከብት በቢላዋ የከፈተው ሰው ባክቴሪያውን ለአየር ሰጥቶ ለሚመጣው ዘመን ይዘራዋል። በወሎ ክርስቲያኑና እስላሙ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ በየራሳቸው ያርዳሉ፤ «በክት አይበላም» በሚለው ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። ከዚህ ሕግ የተሻለ የአባ ሰንጋ ትምህርት ከየት ይገኛል? የጤና አስተማሪው በዚህ ላይ ቆሞ «ሥጋውን ብቻ ሳይሆን ቆዳውንም አትግፈፉ፣ ሳትከፍቱ በጥልቅ ቅበሩት» ቢል ወዲያው ይሰማ ነበር። «ጀርም አለበት» ሲል ግን ገበሬው «እንግዲያው ደኅና አድርገን እንቀቅለዋለን» ብሎ ይመልስለታል፤ እንዲህ ማለቱም በተማረው ትምህርት መሠረት ትክክል ነው።

በደጋው የገብስ እርሻም ውስጥ እንዲሁ ያለ ነገር አለ። በሲናር ዛላ ላይ እንደ ጥቁር ቀንድ ሆኖ የሚወጣ ፈንገስ አለ፤ ሲናሩ ከገብሱ ጋር ታጭዶ፣ ተፈጭቶ ሲበላ መርዙ የደም ሥርን ያጠባል፣ እግርም ጠቁሮ እስኪቆረጥ ድረስ ያደርሳል። በወሎ በ1977 እና በ1978 ይህ መከራ ደርሷል። መርዙን ማጠብም መጋገርም ፈጽሞ አያጠፋውም፤ መፍትሔው በስፌድ ላይ ነው፣ እህሉን እየለቀሙ ጥቁሩን መጣል። በረኃብ ዘመን ግን የሚለቀም እንጂ የሚጣል እህል አይገኝም።

አሁን ስለ ወዳጆቹ ጥቂት ቃል እንጨምር፤ ጥርስ ያለው ሥዕል የበደለው ከሁሉ ይልቅ እነርሱን ነውና። እናቶቻችን ሊጥ ሲያቦኩ ካለፈው ያስቀሩትን እርሾ ይጨምራሉ። በእርሾው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎችና ረቂቃን ፈንገሶች ሊጡን ያኮመጥጡታል፤ ኮምጣጣነቱም ብዙ በሽታ አምጪዎችን ያግዳል። ወተት የሚናጥበትን ቅል በወይራ ማጠን እንዲሁ የሚያበላሹትን ለመቀነስ ነው። በሀብሩ እርሻ ሽምብራ ወይም ማሾ ነቅሎ ሥሩን ያየ ሰው በላዩ ትንንሽ ጉጦች ያገኛል፤ በእነዚያ ውስጥ ራይዞቢየም የተባለው ባክቴሪያ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለተክሉ ይመግባል። ገበሬው ከማሽላ በኋላ ጥራጥሬ ሲዘራ «መሬቱ ያርፋል» ይላል፤ እንደ እውነቱ ግን መሬቱ ሠራተኛ ቀጥሮ ነው። የበሬውም ሆድ በእነዚህ ሠራተኞች የተሞላ ባይሆን ኖሮ ገለባ በልቶ ማረስ ባልቻለ ነበር።

ምናልባት አንዳንድ መምህራን «ቃሉ ቀላል ስለ ሆነ ነው የመረጥነው፤ ለሕዝብ ሲነገር ማሳጠር ግድ ነው» ይሉን ይሆናል። ለትራኮማ፣ ለተቅማጥም «ፊትህን ታጠብ፣ እጅህን ታጠብ» ማለት በቂ ባይሆንም ዋና ምክር ነውና በዚህ በኩል አንከራከራቸውም። «ደቂቅ ዘአካላት» የሚለውን የመጽሐፍ ቃል በጀርም ፈንታ ይተኩልን ማለታችንም አይደለም፤ ያን ቃል እኛ ተማሪዎቹም ለፈተና እንጂ ለንግግር አንጠቀምበትም። የእኛ አሳብ ቅማል፣ ትንኝ፣ በክት፣ ሲናር፣ እርሾ የሚሉት ቃላት ከሕዝቡ ዘንድ ስላሉ ትምህርቱ ከእነርሱ ይጀምር የሚል ነው። በሽታው የሚሄድበትን መንገድ የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር እንጨምር። በአንድ የመስታወት ስላይድ ላይ የተቀባ የደም ጠብታ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የወባውን ጥገኛም የግርሻውን ቦሬሊያም ሊያሳይ ይችላል። መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው፤ የወባ ኪኒን ግርሻን አያድንም። በ2021 ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰ ጊዜ በወልድያና በአካባቢው ያሉ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋልም። ማይክሮስኮፕ በሌለበት ቦታ ትኩሳት ሁሉ «ትኩሳት» ብቻ ይሆናል፤ በሽተኛውም በዕድሉ ይታከማል። ከዚያም ወዲህ ወባ በአገሪቱ ሁሉ በርትቷል፤ ከጥር ወር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1157 ሙታን ተመዝግበዋል።

በዚህ ላይ አዲስ ትንኝ መጥታለች። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ በ2016 በቀብሪ ደሃር ታይታ፣ በኋላም በወሎ ምሥራቅ በባቲ ተገኝታለች። እርሷ እንደ ነባሪቱ የመስክ ኩሬ ብቻ አትፈልግም፤ በከተማ ውስጥ ሰው ለመጠጥ ባጠራቀመው በርሜልና በውሃ ገንዳ ትራባለች። እኛ የተማርነው «ረግረጉን አድርቁ፣ ሣሩን እጨዱ» የሚለውን ነው። የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ከተማ ለምትኖር፣ በርሜሏን ሞልታ ለምታስቀምጥ የቤት እመቤት ግን ረግረግ የላትም፤ የሚያስፈልጋት በርሜሉን የሚገጥም ክዳን ነው።